ከጅማ ሊኮኒ ፌሪ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ በሞተር ከአገር ለሚወጣ

ከጅማ ተነስቶ በሞተር ባሕር ድረስ መሄድ ለሚያስብ ሰው፣ ለጀማሪ የሞምባሳን መስመር የሚያህል የለም። ከሞያሌ ወዲያ እስከ ሞምባሳ አስፋልት ነው። ኢትዮጵያዊ ለኬንያ ቪዛ አይጠየቅም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሊኮኒ በሚባለው መሻገሪያ ሞተር ከነነጂው ፌሪ (ሰውና ተሽከርካሪ የሚያሻግር ጀልባ) ላይ ወጥቶ የኪሊንዲኒን ወሽመጥ ይሻገርና ደቡቡ ዳርቻ ይገባል። ርቀቱ አንድ መንገድ 2,000 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ዛንዚባርን የሚያልሙም አሉ፤ እሱ ሌላ አገር፣ ሌላ ጉምሩክና ረጅም ባሕር ስለሚጨምር ለሁለተኛ ጉዞ ቢቆይ ይሻላል።

ዝግጅት ሲባል ሁሉም የሚሮጠው ወደ ጋራዥ ነው። የተበላሸ ሞተር ግን መንገድ ላይ ይጠገናል፤ የጎደለ ወረቀት ድንበር ላይ አይጠገንም። መጀመሪያ ሊብሬው። እኛ ጋ ብዙ ሞተር በውል ተሸጦ ስሙ ሳይዛወር ዓመታት ይነዳል። ከተማ ውስጥ የሚጠይቅ ላይኖር ይችላል፤ ድንበር ላይ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው። ወይ ስም ይዛወር፣ ወይ ሞተሩን ከአገር ይዞ የመውጣት መብት በግልጽ የተጻፈበት ውክልና ከሰነዶች ማረጋገጫ ይያዝ። «የመሸጥ የመለወጥ» ብቻ የሚል ውክልና ያከራክራል።

ቀጥሎ ቁጥሮቹ። የሻንሲ ቁጥሩ መሪው አንገት ላይ፣ የሞተሩ ቁጥር ራሱ ሞተሩ ብረት ላይ ተመትቷል። ሁለቱንም በቤንዚንና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ፣ ሲደርቅ ነጭ ጠመኔ እሹበት፤ ፊደሎቹ ፍንትው ብለው ይወጣሉ። ፎቶ አንሱና ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኀዝ ነው፤ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደሎች ደግሞ በውስጡ አይገቡም። ሊብሬያችሁ ላይ ኦ ከተጻፈ ዜሮ ለማለት ጸሐፊው የተሳሳተው ነውና ጅማ እያላችሁ አስተካክሉት። ሞያሌ ላይ ሲገኝ የተሰረቀ ሞተር ይመስላል።

ሦስተኛው ብዙዎች የማያስቡት የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ነው። በ2018 የሚያበቃ ቦሎ ለኬንያ ፖሊስ ከዓመታት በፊት ያለፈበት ወረቀት ነው። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ብቻ የተጻፈ፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር የሆነ ሰነድ ሁሉ ሕጋዊ ትርጉም ቤት ይተርጎምና ቀኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፉበት። ዋናውና ትርጉሙ ሁልጊዜ አብረው ይቀመጡ፤ ሦስት ሦስት ኮፒ ደግሞ በሌላ ቦርሳ።

ኢንሹራንሱ የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ነው። የአገር ውስጥ የሦስተኛ ወገን ውል ካላችሁ ኢንሹራንስ ሰጪያችሁን ጠይቁ፤ ካርዱ ላይ ኬንያ መጻፉንና ቀኑ እስከ መመለሻችሁ መድረሱን እዚያው መስኮቱ ላይ ሳላችሁ እዩ። ካርዱ የሚሸፍነው ሌላ ሰው ላይ የምታደርሱትን ጉዳት እንጂ የራሳችሁን ሞተር አይደለም። የቢጫ ወባ ክትባት ከመሻገሪያው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የምስክር ወረቀቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሞተሩ በጊዜያዊነት እንደሚወጣና ተመልሶ እንደሚገባ የሚያሳየውን የጉምሩክ ወረቀት ደግሞ ከመነሳታችሁ ሳምንታት አስቀድማችሁ ጅማ ቅርንጫፍ ጠይቁ። ምን ዋስትና እንደሚፈልጉ እዚህ ማወቅ ሞያሌ ላይ ከመስማት ይሻላል።

የትኛው ሞተር? እዚህ ላይ ክርክር አለ፤ የእኔ ምርጫ ግን ቦክሰር 150 ወይም ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ ነው። ትልቅ ሲሲ ያለው ያምራል፤ ሰሜን ኬንያ ማርሳቢት ላይ የፍሪሲዮን ገመዱ ሲበጠስ ግን ዕቃው ከናይሮቢ ነው የሚጠበቀው። የኬንያ ቦዳ ቦዳ (የሞተር ታክሲ) የሚነዳው በአብዛኛው ቦክሰርና ቲቪኤስ ስለሆነ መለዋወጫው በየከተማው አለ፣ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር መሄድ የማያስከፋችሁ ከሆነ የሚጎድል ነገር የለውም።

አንድ ነገር ግን ጅማ ላይ አይታወቅም፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ይታወቃል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ አንዳንድ ጋራዥ ካርቡራቶሩን ነዳጅ እንዲቀንስ አድርጎ ያስተካክላል፣ ነዳጅ የምታሳልፈውን የነሐስ ቀዳዳ በጠባብ የሚለውጥም አለ። ወደ ባሕር ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ግን ባለበት ይቀራል። ነዳጅ ያጠረው ሞተር ይግላል፣ ጉልበት ያጣል፣ ሲብስ ፒስተን ይበላል። የሚናገረው ካንዴላው ነው። አንድ 10 ኪሎ ሜትር በእኩል ፍጥነት ነድታችሁ ሞተሩን አጥፉና፣ ቀዝቀዝ ሲል ካንዴላውን አውጡ። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ጥቁር ጥላሸት ካለው ነዳጅ በዝቶበታል፣ ነጭ ከሆነ አጥሮታል። ይህን ማርሳቢት ላይ አንዴ፣ ሞምባሳ ሳይደረስ ያለችው ቮይ ላይ አንዴ ብታዩ በቂ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ከተገባበት የፋብሪካውን ከመነሳታችሁ በፊት መልሱ፤ ጅማ ላይ ትንሽ ቢያጨስ ምንም አይደለም።

የተቀረው የጋራዥ ሥራ ቀላል ነው። ዘይት አዲስ፣ የፍሬን ሸራ አዲስ፣ ካቴናው ከነጥርሶቹ አንድ ላይ አዲስ፤ አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ማሰር ብር መጣል ነው። ካቴናው ከነጭነቱ መሐሉ ላይ በጣት ሲነካ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይላላ። አጥብቆ የወጠረው ሰው የኋላውን ኩሽኔታ ይጨርሳል። ነፋስ ፊት ጎማ 25 ፒኤስአይ፣ ኋላ ከነጭነቱ 32። ከመለዋወጫ ካንዴላ፣ የፊትና የኋላ ካላማዳሪያ፣ ሁለት የካቴና መቀጠያ፣ ፊውዝ፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ገመድ ይበቃል። ገመዶቹን ቦርሳ ውስጥ ከመክተት ከአሮጌዎቹ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ በፕላስተር እሰሩ፤ የሚሠራው ሲበጠስ ጫፉን አዙሮ ማሰር ብቻ ይቀራል። ጭነት ከ25 ኪሎ አይለፍ፤ ከባዱ ዕቃ ወደታችና ወደ ነጂው ይጠጋ። እንዲህ ጭናችሁ አንድ ቅዳሜ ቦንጋ ደርሳችሁ ተመለሱ። የሚላላ ነገር እዚያ ዳገት ላይ ይላላል።

ለወዳጅ ስጦታ ብሎ ጥሬ ቡና የሚጭን አይጠፋም። ከጅማ አካባቢ ሲወጣ ኬላው ያስቆማል፣ ድንበር ላይ ጉምሩኩ ይጠይቃል። የተቆላና የተፈጨ ትንሽ ነገር ያዙ፣ ወይም ተዉት።

ጊዜው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። የእኛ ክረምት አልፏል፣ የቦረና በልግ አልገባም፣ ሞምባሳ ላይ ኃይለኛው ዝናብ የሚጀምረው ከመጋቢት መጨረሻ በኋላ ነው። ከጅማ በጭዳና በተርጫ ወደ ሶዶ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ፤ አዲስ አበባ መዞር አያስፈልግም። የመንገዱን ሰላም በየጠዋቱ መናኸሪያ ገብታችሁ ከዚያ አቅጣጫ የመጡ ሾፌሮችን ጠይቁ። ነዳጅ ግማሽ ሲሆን ይሞላ፤ ማደያ ሁሉ ነዳጅ አለው ማለት አይደለም፣ ክፍያውም በስልክ ስለሆነ ቴሌብር ላይ ብር፣ ስልኩም ላይ ቻርጅ ይኑር።

ሞያሌ ሲደርሱ አመሻሽ ከሆነ ኢትዮጵያ በኩል ይደር። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተመረቀ፣ የሁለቱም አገር ሠራተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት የጋራ ድንበር ጣቢያ አለ፤ ወደ ኬንያ የሚሄድ ሰው የሁለቱንም አገር ማህተም የሚያስመታው በኬንያው ሕንጻ ነው። የኬንያ ጉምሩክ ለሞተሩ ጊዜያዊ መግቢያ ይሰጣል። ከመስኮቱ ሳትለቁ የታርጋና የሻንሲ ቁጥሩን እንዲሁም የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። እዚያው በፓስፖርት የሳፋሪኮም ሲም አውጥታችሁ ኤምፔሳ አስከፍቱ፤ ከማደያ እስከ ፌሪ ሁሉ በእሱ ይከፈላል።

ከዚያ ግራ። ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው፣ አደባባይም በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራል። ከመኪና ጋር ሲሄዱ ማንም አይሳሳትም፤ አደጋው ማለዳ ባዶ መንገድ ላይ ከማደያ ሲወጡ ነው፣ እጅ ወደለመደው ይሄዳል። ታንኩ ላይ ወደ ግራ የሚያመለክት ቀስት በነጭ ፕላስተር ለጥፉ። አንጸባራቂ ጃኬትና ሄልሜት ሕግ ነው፤ ለተፈናጣጭም ጭምር።

ከሞያሌ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቦክሰር 11 ሊትር ይይዛል፣ ተጭኖ ነፋስ እየገጠመው በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ እንኳ ጀሪካን አያስፈልግም። ነፋሱ ግን ቀልድ አይደለም፤ ከጎን ነው የሚመታው። ከትከሻ በላይ የተቆለለ ጭነት ሸራ ይሆንበታል። ተሳቢ ሲያልፋችሁ ነፋሱ ለአፍታ ይቆምና ወዲያው በእጥፍ ይመለሳል፤ በ60 ሂዱ፣ መሪውን አታንቁት። ከተማ መግቢያ ላይ ቀለም ያልተቀባ ጉብታ ይበዛል፣ ሌሊት መንዳት ጨርሶ ይቅር። ናይሮቢ ላይ በድልድይ ወደላይ የሚያልፈው ኤክስፕረስዌይ ለሞተር ክልክል ነው፤ ከሥሩ ባለው ሂዱ። ከናይሮቢ ሞምባሳ ያለው 480 ኪሎ ሜትር የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ ምቲቶ አንዴይ ወይም ቮይ አድሮ ለሁለት መክፈል ይሻላል። በጻቮ የዱር እንስሳት ፓርክ መሐል ሲያልፉ ዝሆን አስፋልቱን ካቋረጠ ሞተር አጥፍቶ ሳይሆን እንደተነሳ፣ ከሩቅ ቆሞ መጠበቅ ነው።

አሁን ፌሪው። የሊኮኒ መሻገሪያ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ጉዞው ራሱ ደቂቃዎች ናቸው፣ ሌት ተቀን ይሠራል። እግረኛ በነጻ ነው፣ ሞተር ይከፍላል። ጠዋት ሕዝቡ ከሊኮኒ ወደ ሞምባሳ ደሴት ይጎርፋል፣ ማታ ይመለሳል፤ ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ግቡ። የሚያስፈራው ባሕሩ ሳይሆን መወጣጫው ብረት ነው። ጨው፣ ዘይትና ውሃ ያልተለየው ነው፣ ቁልቁለቱም እንደ ባሕሩ ሙላትና ጉድለት ይለያያል። ሞምባሳ ላይ በሙላትና በጉድለት መካከል ከ3 ሜትር በላይ ልዩነት የሚሆንበት ቀን አለ፤ ውሃው ሲጎድል ብረቱ ይቆማል።

እግረኛው እስኪያልፍ ጠብቁ። አንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ተለቅቆ፣ ጋዝ ሳይሰጥ በሞተሩ ራስ ጉልበት ውረዱ። የብረቱን ጠርዝ ጎማው ቀጥ ብሎ ይቁረጠው፤ አግድም ከነካው ይንሸራተታል። የፊት ፍሬን አይነካ፣ የኋላው በስሱ ብቻ። እርጥብ ላሜራ መሬት ላይ ዘርግቶ ጅማ ጋራዥ ግቢ ውስጥ መለማመድ ሞኝነት አይደለም።

ላይ ስትደርሱ ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሹ አንደኛ ላይ ይቅር። ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ቀለበት የፊት ፍሬን እጀታውን ከመሪው ጋር ያስር። የጎን መቆሚያውን አውርዳችሁ ከሞተሩ ግራ ቁሙና ያዙት፤ መሐል መቆሚያ በሚወዛወዝ ብረት ላይ አይታመንም። በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. አንዲት መኪና እዚሁ መሻገሪያ ላይ ከፌሪው ወደኋላ ተንሸራታ ባሕር ገብታ እናትና ልጅ ሞተዋል፤ ከመወጣጫው ጫፍ ራቁ፣ ወደ መሐል ተጠጉ። ወደብ ስለሆነ ካሜራ ሳይጠይቁ አይወጣም።

ረዘም ያለ መሻገሪያ የሚፈልግ ሲመለስ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ከምቢታ ወደ ሉዋንዳ ኮቲዬኖ የሚሄደውን መያዝ ይችላል። እዚያ ሞተር መታሰር አለበት። አራት ማሰሪያ፦ ሁለቱ ከፊት ሹካው ሥር፣ ሁለቱ ከኋላ ሻንሲው። መሪው ጫፍ ላይ አትሰሩ፣ ይጣመማል። የፊት ሞላው ሲሶ ያህል እስኪወርድ ወጥሩ፤ እስከ መጨረሻው ከጨቆናችሁት ጎሚኒው ዘይት ያፈሳል፣ ካላላችሁት ደግሞ ማሰሪያው ማዕበል ላይ ይላቀቃል።

ሊኮኒ ላይ የሚያሰለች ሰልፍ ከገጠማችሁ በዶንጎ ኩንዱ ማለፊያ መንገድ ያለ ፌሪ መመለስ ይቻላል። ከባሕሩ ዳርቻ በወጣችሁ ማግስት ካቴናውን፣ ራጂዎቹንና የፍሬን ገመዶቹን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ሲደርቅ ዘይት ቀቡ። ስትመለሱ ሞያሌ ላይ የኬንያው ጊዜያዊ መግቢያ መዘጋቱን በማህተም አረጋግጡ፤ ካልተዘጋ ሞተሩ መዝገብ ላይ ኬንያ እንደቀረ ይቆጠራል። ለእኛ ጉምሩክ ደግሞ የመውጫ ወረቀቱን አሳዩ፣ አለዚያ የራሳችሁን ሞተር እንደ አዲስ ዕቃ ቀረጥ ትጠየቁበታላችሁ።