እማዬን ያደናቀፋት 3 ሴንቲሜትር

እማዬ 68 ዓመቷ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ደረጃው ላይ ተደናቀፈች፣ ሦስቱም ጊዜ ታች መጨረሻው ጋ። «እማዬ፣ ቀስ በይ እንጂ» እያልን አለፍነው። ሦስተኛው ጉልበቷን አሳብጦ ሳምንት ሲያስተኛት ግን ሜትር አመጣሁና ደረጃውን አንድ በአንድ ለካሁት።

ከላይ ጀመርኩ። ከፍታው 18 ሴንቲሜትር፣ መርገጫው 25። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊ አርክቴክት ፍራንሷ ብሎንዴል ያስተዋወቀው ስሌት አለ፦ የከፍታው እጥፍ ሲደመር መርገጫው ከሰው እርምጃ ጋር መቀራረብ አለበት። ዛሬ ከ60 እስከ 65 ሴንቲሜትር አካባቢ ይወስዱታል። የኛ 61 መጣ። ደስ ብሎኝ ወረድኩ። የመጨረሻውን ስለካው ግን 15!

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የታችኛው ቤት ወለል ሲታደስ አዲሱ ሴራሚክ በአሮጌው ላይ ነው የተነጠፈው። ወለሉ 3 ሴንቲሜትር ከፍ አለ፣ ደረጃው ግን ባለበት ቀረ። ሰው ሲወርድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደረጃዎች ያያል፣ ከዚያ በኋላ እግሩ ራሱ ለምዶት ይሄዳል። 18 የለመደ እግር ወለሉን ሳይጠብቀው ያገኘዋል፣ ጉልበት ይመታል፣ ሚዛን ይናጋል። ሲወጣም ያው ነው፣ 15 የለመደው የጫማ ጫፍ ቀጥሎ 18 ሲመጣበት ይጋጫል። ለካ እማዬ ቀስ አለማለቷ አልነበረም ችግሩ። ይሄን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ከዚያ ሌላውንም ማየት ጀመርኩ። በእንግሊዝ አገር የመኖሪያ ቤት አደጋ የሚመዝኑ ባለሙያዎች ሁለት ነገር ነው የሚጠይቁት፦ በሚቀጥሉት 12 ወራት አደጋው የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ከደረሰስ ጉዳቱ ምን ያህል ይከፋል? እኔ ሁለተኛውን አስቤው አላውቅም ነበር። እደረጃው ግርጌ ቆሜ ዞር ስል ፊት ለፊቴ የመስታወት ጠረጴዛ። በዚያው ደቂቃ አነሳሁት።

እማዬን እንደ ወትሮዋ እንድትወርድ ለመንኳትና ከታች ሆኜ አየኋት። እውነቱን ለመናገር ከሜትሩ ይልቅ ያስተማረኝ ይሄ ነው። መደገፊያው ሰፊ ጠፍጣፋ እንጨት ነው፣ ጣቶቿ አይዞሩበትም፣ መዳፏን አስደግፋ ብቻ ነው የምትወርደው። እሱም ሁለት ደረጃ ሲቀር ያልቃል። እጇን የምትለቀው ልክ እዚያች ክፉ ቦታ ላይ ነው። መነጽሯ ደግሞ ታችኛው ክፍሉ ለንባብ ነው፣ ወደ እግሯ ስታይ የደረጃው ጠርዝ ይደበዝዝባታል። አሁን ለደረጃ የሩቁን ብቻ ነው የምታደርገው።

መደገፊያውን ቀየርነው፦ ክብ፣ 4 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ በሁለቱም በኩል፣ ከመጨረሻው ደረጃ 30 ሴንቲሜትር ያህል አልፎ የሚሄድ። ማብሪያ ማጥፊያ ታች ብቻ ነበር፣ ላይም ተጨመረ። ጠርዞቹ ላይ ከደረጃው ቀለም የሚለይ የማያንሸራትት ቴፕ ተለጠፈ።

ዋናው ግን ያቺ 3 ሴንቲሜትር ነች። ሠራተኛው «ሁሉንም ደረጃ በ3 ከፍ እናድርገውና ይለቅ» አለኝ። እሺ ልል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። እንደሱ ከሆነ ታችኛው 18 ይሆናል፣ ላይኛው ግን 15 ይሆናል፤ ችግሩን ወደ ላይ ማዛወር ነው፣ ከላይ መውደቅ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አካፈልነው። የደረጃው ጠቅላላ ከፍታ 267 ሴንቲሜትር ነው፣ ከወለል እስከ ላይ ላሉት 15 ከፍታዎች ሲካፈል እያንዳንዱ 17.8። የደረጃዎቹ ልባስ ተነሳና ሲመለስ ከሥሩ የሚገባው ሙሌት ከታች 2.8 ሴንቲሜትር ተጀምሮ፣ ቀጥሎ 2.6፣ ከዚያ 2.4 እያለ፣ ላይኛው መርገጫ ላይ 0.2 ሆኖ አለቀ። ሠራተኛው በየደረጃው ግድግዳ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ነው የሠራው። ሲጨርስ መልሼ ለካሁ፣ ሁሉም እኩል።

አሁን የቀረችኝ በረንዳው ላይ ያለችው ብቸኛዋ ደረጃ ናት። አንድ ብቻ ስለሆነች ከወለሉ ቀለም ጋር ተመሳስላ አትታይም። ለእሷ ቢጫ ቴፕ ገዝቻለሁ፣ ቅዳሜ ይለጠፋል።