የሰመረ ስለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ብትሰሚኝ እመሰክርልሻለሁ» ብዬ ለኪዳነ ምሕረት ተስዬ ነበርና፣ ዘግይቼም ቢሆን ይኸው።

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 27 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በመድኃኔዓለም ዕለት ወለድሁ። ምጥ ሲይዘኝ ትኩሳትና ሳል ነበረብኝ፤ ሲመረምሩኝ ኮሮና ሆነ። ማርያም ማረችኝ፣ በሰላም ተገላገልሁ። ልጄን ግን ዓይኗን እንኳ ሳላይ በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋት ወጡ። «ለሕፃኗ ሲባል ነው» አሉኝ። ክፋት አልነበረም፤ ያኔ ያልፈራ ማን ነበር?

ሌሊቱን ከግድግዳው ማዶ ሕፃን ያለቅሳል። የሌላ ሰው ልጅም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን በየልቅሶው ብድግ እላለሁ። ጡቴ ድንጋይ ሆነ፣ እንገሩ ቀሚሴን አበሰበሰው። እናቴ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ በር ላይ ተከልክላለች፤ በስልክ «ኪዳነ ምሕረትን ጥሪ ልጄ» ትለኛለች። ጠራኋት። «አንቺ ስትሰደጂ እንኳ ልጅሽን ከጉያሽ አላወጣሽውም። የእኔን መልሽልኝ፣ ጥላ አስገባለሁ» አልኋት።

ሲነጋ ተረኛ ሆኖ የገባው አንድ ወጣት አዋላጅ ነርስ ነው። «ልጅሽስ?» አለኝ። ነገርሁት። ስልኩን አውጥቶ የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ እያነበበ ኮሪደር ላይ ከኃላፊዎቹ ጋር ሲከራከር ይሰማኛል፦ እናት ኮሮና ቢኖርባትም አቅም እስካላት ከልጇ አትለይ፣ ማስክ አድርጋ፣ እጇን ታጥባ ታጥባ። ረጅም ክርክር ነበር። እኔ በዚህ በኩል «አቡነ ዘበሰማያት» እያልሁ መሐሉ ላይ እየጠፋኝ እንደገና እጀምራለሁ።

ይዟት መጣ። ራቁቷን ደረቴ ላይ አድርጎ በጋቢ ሸፈነን። እግሯ ቀዝቅዞ ነበር። አፏን ከፍታ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ ጡቴን ያዘች፤ የማስኬ ጫፍ በእንባ ራሰ። እስክድን ድረስ ግንባሯን የሳምሁት በማስክ ላይ ነው።

እሷን አንዳች አልነካት። እኔም ዳንሁ። በጠበል ብቻ ነው አልልም፣ ሐኪሞቹ ያዘዙልኝንም ውጫለሁ፤ ያን ልጅ በዚያ ጠዋት ተረኛ ያደረገችው ግን ማን እንደሆነች አውቃለሁ።

ሰማንያ ቀኗን በጣቷ የቆጠረችው እናቴ ናት፤ የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት ላይ ዋለ። ጥላውን አስገባን። ነርሱንም ለክርስትናው ጠርተነው መጣ። «እንካ ታቀፋት» ስለው፣ በመጀመሪያ ውሃ አስመጥቶ እጁን ታጠበ።