ፕሮፖዛሉ ገባ

ዛሬ ሳቢያን ያለችው ቢሯችን ውስጥ ፕሮፖዛል ስንሞላ ዋልን። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ መብራትም ሁለቴ ሄዶ መጣ።

አንድ የውጭ የቴክኖሎጂ ኩባንያ እንደኛ ላሉ ትንንሽ ድርጅቶች ድጋፍ ይሰጣል ተብለን ነው። ሐሳባችን ቀላል ነው፦ ለገጠር ቀበሌ ነፍሰ ጡሮች የክትትል ቀናቸውን የሚያስታውስ የስልክ ድምፅ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ። ጽሑፍ ያላደረግነው ብዙዎቹ ስለማያነቡ ነው። ፎርሙ ግን «መተግበሪያችሁን ስንት ሰው አውርዶታል?» ይላል። የምን ማውረድ! የእናቶቹ ስልክ እኮ ባለ ቁልፉ ነው።

ሁሉም ሰጪ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ጉግል በ2012 እ.ኤ.አ. ቻሪቲ ዋተር ለተባለ የንጹሕ ውሃ በጎ አድራጎት ድርጅት 5 ሚሊዮን ዶላር የሰጠው 4,000 የውሃ ተቋማት ላይ ውሃው መፍሰሱን ከርቀት የሚከታተል ሴንሰር እንዲገጠም ነበር። ለማስቆፈሪያ የሚሰጥ አይጠፋም፤ ጉድጓዱ ሲበላሽ ግን ማን ያውቃል? ይህቺ ጥያቄ ደስ ትለኛለች።

የሂሳብ ሠራተኛችን ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን አዋጅ 1113ን እየጠቀሰች «የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳያልፍ!» ስትለን ዋለች። የኔ እህት፣ መጀመሪያ መቶው ይምጣ!

ማታ 3 ሰዓት ላይ ላክነው። ከዚያ ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር ሻይ። ስለ ፕሮፖዛሉ ማንም አላነሳም።