ቱሉ ዲምቱ ተቀምጬ የቀይ ባሕርን ጨው እንዴት እንዳነበብኩ

ቀይ ባሕር በባብ ኤል መንደብ በኩል ሲጀምር በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ 36 ወይም 37 ግራም ጨው አለው፤ ወደ ሲናይ ሲቃረብ 40 ግራም ያልፋል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ የለም፣ በዓመት 2 ሜትር ያህል ውሃም ይተንበታል። ጨው ፎራሚኒፌራ በተባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ዛጎል ላይ ምን እንደሚሠራ ለማየት ከዚህ የተሻለ ባሕር አላገኘሁም። ለማስተርስ ጥናቴ የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

ዛጎሉ ካልሳይት ከተባለ የካልሲየም ማዕድን የተሠራ ነው። ሲሠራ ከካልሲየሙ ጋር ጥቂት ማግኒዥየም ይገባበታል፤ ውሃው 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ማግኒዥየሙ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የጥንት ባሕሮች ሙቀት የሚሰላበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ነገር ግን ጨዋማነትም በ1 ግራም ሲጨምር ማግኒዥየሙን ከ3 እስከ 5 በመቶ ከፍ ያደርገዋል። 3.3 በመቶ ብንይዝ እንኳ የ4 ግራም ልዩነት እየተደራረበ 14 በመቶ ይሆናል፤ ያ ደግሞ 1.5 ዲግሪ ሙቀት መስሎ ይታያል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላው ነገር ነው፦ ባሕር ሲጨው ማግኒዥየምና ካልሲየም እኩል ስለሚጨምሩ በውሃው ውስጥ ያላቸው ምጣኔ አይለወጥም። ታዲያ ዛጎሉ ውስጥ ለምን ይለወጣል? ፍጥረቱ ዛጎሉን የሚገነባበት መንገድ እጁ እንዳለበት ይታሰባል፣ ዝርዝሩ ግን ገና ያከራክራል።

ዛጎሎቹን የያዘው ደለል ከውጭ አገር ቤተ ሙከራ በአማካሪዬ በኩል መጣልኝ፤ ከባሕሩ ደቡብና ሰሜን የተወሰደ የወለሉ የላይኛው ንብርብር ነው። ማይክሮስኮፕ ተውሼ ለቀማውን ቤቴ ሠራሁ። ከ250 እስከ 355 ማይክሮን ባለው ወንፊት የቀረውን፣ ያውም ግሎቢጀሪኖይደስ ሩበር የተባለውን ዝርያ ብቻ ወሰድኩ፤ ዝርያና መጠን ከተደበላለቁ ቁጥሩ ትርጉም አይኖረውም። ታናሽ እህቴ ዓይኗ ከእኔ ይሻላል። «ወንድም ጋሼ፣ የዚችኛዋ ክፍል ተሰብሯል፤ ትግባ?» እያለች አብራኝ ለቀመች።

ትልቁ ሥራ አካባቢውን ከናሙናው ማራቅ ነበር። ሰፈራችን ግንባታ አያባራም፤ አቧራው ሲሚንቶና ሸክላ ነው፣ ሸክላ ደግሞ ማግኒዥየም አለው። ስለዚህ ለቀማው የጭነት መኪኖቹ ሳይነሱ በማለዳ፣ መስኮቱ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ሆነ። የብሩሹን ጫፍ በቧንቧ ውሃ አላረጠብኩም። በእኛ አካባቢ የሚደርሰን የጉድጓድ ውሃ በባዛልት ድንጋይ መሃል ያለፈ ነው፤ ጠብታው ሲደርቅ ካልሲየምና ማግኒዥየም ዛጎሉ ላይ ይተዋል። ከነዳጅ ማደያ የሚገዛው የባትሪ ውሃ ለለቀማ በቂ ነው። የመጨረሻውን እጥበት ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ በተጣራ ውሃ ጨረስኩ፦ ዛጎሎቹን በሁለት መስታወት መሃል ቀስ ብሎ ሰብሮ ክፍሎቻቸውን መክፈት፣ ሸክላውን በውሃና በሜታኖል ማስለቀቅ፣ ከዚያ በትኩስ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ በመጨረሻም በጣም በቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ማጠብ። ልኬቱ ውጭ አገር ሲሠራ አሉሚኒየምና ብረትም እንዲለኩ ጠየቅኩ። አሉሚኒየሙ ከፍ ያለበት ናሙና ሸክላ ቀርቶበታል ማለት ስለሆነ ጣልኩት። ይህን ልኬት የማይጨምር የማግኒዥየም ጥናት አላምንም።

የሰሜኑ ውሃ ከደቡቡ ይቀዘቅዛል፤ ዛጎሎቹ ግን በሙቀት ቀመር ብቻ ሲሰሉ ከእውነተኛው የበለጠ ሞቃት ባሕር ነገሩኝ። ሁሉን በሕይወት ዘመናቸው በነበረው ጨው ላይ መጫን ግን አይቻልም። በእንዲህ ያለ ጨዋማ ባሕር፣ ፍጥረቱ ሞቶ ወለል ላይ ከወደቀ በኋላ በማግኒዥየም የበለጸገ ካልሳይት ዛጎሉን ሊለብጠው ይችላል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሳይታይ ይህን መለየት ይከብዳል። ሁለተኛ ምስክርም ያስፈልጋል፦ ውሃ ሲተን ቀላሉ ኦክስጅን 16 ቀድሞ ስለሚሄድ፣ ጨዋማው ውሃ በከባዱ ኦክስጅን 18 ይበለጽጋል፣ ዛጎሉም ይህን ይመዘግባል። እሱም ቢሆን ሙቀት ይነካዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይነበባሉ።

አሁን የያዝኩት ከዛሬ 20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ወደነበረው የበረዶ ዘመን የሚያደርሱትን ንብርብሮች ነው። ያኔ የዓለም ባሕር 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መግቢያው ጠበበ፣ የቀይ ባሕር ጨው ወደ 50 ግራም ተጠጋ፣ በላይኛው ውሃ የሚኖሩት ፎራሚኒፌራም ከአብዛኛው ክፍል ጠፉ። ከመጥፋታቸው በፊት ያሉትን የመጨረሻ ዛጎሎች እየለቀምን ነው። በዚህኛው ዙር ከጨዋማነት ጋር አብሮ የሚጨምረው ሶዲየምም ይለካል። ለእሱ ደለሉ ላይ የቀረው የባሕር ጨው በደንብ መታጠብ አለበት፤ የእጅ ላብም ጨው ነውና እህቴም እኔም ጓንት አናወልቅም።