ከማዕድ የተነሣው ኤሌክትሪሺያን

በአዘዞ መንገድ ባለ አንድ ጋራዥ ነው የሆነው። ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ምሳ በ9 ሰዓት ነው። ስድስት ሠራተኞች አንድ ትሪ ሽሮ ከበዋል። "እኔ አላምንም" ማለቱን ሁሉም የሚያውቁት ኤሌክትሪሺያን እጁን ሲዘረጋ የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃናው ባትላሜራው፣ "ካላመንክ ለማን ብለህ ነው እስከ 9 ሰዓት የምትራበው?" አለው። ሌሎቹ ሳቁ። ኤሌክትሪሺያኑ የቆረሰውን መልሶ አስቀመጠ፤ እጁን ታጥቦ ወጣ። ሁለት ሳምንት ብቻውን በላ።

ባትላሜራው ክፉ ሰው አይደለም። ወንጌል የመሰከረ መስሎት ነበር፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። በሰው ፊት ስለ እምነቱ የተፋጠጠ ሰው ክብሩን ለማዳን ይታገላል እንጂ ስለ ክርስቶስ አያስብም። ሳቅ ከተጨመረበት ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚነገረው እውነት ሁሉ ስድብ ሆኖ ይሰማዋል።

ባትላሜራው ከዚያ በፊትም ሻይ ላይ ከአዳም ጀምሮ ያስረዳው ነበር። የጎንደር ልጅ እኮ ያልሰማ ሰው አይደለም! "44ቱ ታቦት" ሲባል እየሰማ ያደገ፣ ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ መዋኛ ዘሎ የገባ ነው። ታሪኩን ያውቀዋል፤ የሆነ ቦታ ላይ ግን ተሰብሮበታል። ያ ቦታ የት እንደሆነ ሳይጠይቁ ማስተማር ብልሽቱን ሳይለዩ ሞተር ማውረድ ነው። ፊልጶስ ወደ ጃንደረባው ሰረገላ ሲደርስ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ጥያቄ ነው (ሐዋ. 8፥30)፤ ማስረዳትም የጀመረው ሰውየው ከሚያነበው ከኢሳይያስ ነው።

ነገሩን ያቃኑት አንጋፋው መካኒክ ናቸው። ኤሌክትሪሺያኑ የሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ካርቦን ሲቀይር አጠገቡ ቁጭ አሉና፣ "ወንድምዓለም፣ ማመን የተውከው መቼ ነው?" አሉት። ከዚያ ዝም አሉ። ከባዱ ይህ ዝምታ ነው፤ ብዙ አማኝ ሦስት ደቂቃ መታገሥ አቅቶት መልሱን ራሱ ይመልሳል።

"ጋሼ፣ ወንድሜ ሲታመም ስለት ተስዬ ነበር። ሞተ።"

"ለምን እንደሞተ እኔም አላውቅም" አሉት። "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" ብለው አልዘጉበትም። እርሳቸው ልጅ በቀበሩ ጊዜ ክርስቶስ ምን እንደሆነላቸው ነገሩት፤ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ አንድ ምዕራፍ ብቻ ሰጡት፤ የአልዓዛርን ሞትና መነሣት የሚተርከውን ዮሐንስ 11ን። 57 ቁጥር ነው፤ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉውን "እንካ አንብብ" የተባለ ሰው ከየት እንደሚጀምር ስለማያውቅ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ቀንም ቆረጡ፦ ዐርብ፣ ከሥራ በኋላ፣ ሁለቱ ብቻ። "እመን" አላሉትም። "ያልተዋጠልህ ቁጥር ላይ አስምርበት" ነው ያሉት።

ባትላሜራው ይቅርታውን ጥግ ወስዶ ሊጨርስ ፈልጎ ነበር፤ ጋሼ አልፈቀዱለትም። ያዋረደው በትሪው ዙሪያ ስለሆነ እዚያው፣ በሁሉም ፊት ጠየቀ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ጾም በጋራዡ ውስጥ ከተሰበከው ሁሉ ለእኔ ይህ ይበልጣል።

ዐርብ ኤሌክትሪሺያኑ ያሰመረው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ 35ኛውን፣ "ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ" የሚለውን።

"ጋሼ፣ እንደሚያስነሣው እያወቀ ለምን አለቀሰ?"

ጋሼ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "እስቲ ከ33 ጀምረህ ጮክ ብለህ አንብብልኝ" አሉት።