ነፃ የሂሳብ ሶፍትዌር ስትመርጡ መጀመሪያ ቀን አቆጣጠሩን እዩ

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። በደብተር ስጽፍ ቆይቼ ሂሳቤን ወደ ኮምፒውተር ያዞርኩት በ2014 መጨረሻ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣውን ጣጣ ባላየሁት ነበር።

የትኛው የሂሳብ ሶፍትዌር ይሻላል ብላችሁ ማንንም ብትጠይቁ "ፒችትሪ" ይላችኋል። የሂሳብ ሰዎቻችን የሠለጠኑት በእሱ ነው፤ የሥራ ማስታወቂያውም የሚጠይቀው እሱን ነው። ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተቀየረ ዓመታት ቢያልፉም እኛ ጋ አሁንም ፒችትሪ ነው። ግን በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ነው። የሱቄን ገንዘብ ከየት እንደመጣ በማላውቀው ፋይል ላይ አላስቀምጥም አልኩ። በዚህ ዛሬም እኮራለሁ።

ነፃዎቹን አየሁ። ዌቭ አዲስ ደንበኛ የሚቀበለው ከአሜሪካና ከካናዳ ብቻ ስለሆነ ወዲያው ተውኩት። ግኑካሽ ጎበዝ ነው፣ ግን የዕቃ ክምችት አይቆጥርም። ማኔጀር የሚባለውን ያዝኩ። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው በነፃ ነው፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሠራል። የሂሳብ መደቦቹን በአማርኛ ሰየምኩ፣ 15 ከመቶ ቫቱን አንዴ ሞላሁ፣ ቆጠራውን አስገባሁ። ከእሱ የሚወጣው ኢንቮይስ ግን ደረሰኝ አይደለም። ደረሰኝ የሚቆረጠው ከካሽ ሬጅስተር ማሽኑ ነው።

እዚህ ድረስ ቀላል ነበር።

ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ነው። እኔ ቫት የማሳውቀው ደግሞ በራሳችን ወር ነበር፤ የመስከረሙን እስከ ጥቅምት 30፣ የጥቅምቱን እስከ ኅዳር 30። ስለዚህ በ2015 አንድ ሰንጠረዥ ሠራሁ። መስከረም ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10፣ ጥቅምት ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9፣ እያለ ይወርዳል። ሪፖርት ሳወጣ ቀኖቹን ከዚያ እያየሁ እሞላለሁ። ዓመቱን ሙሉ ከማሽኑ ጋር ልክ ገጠመ።

በ2016 ያንኑ ሰንጠረዥ ገለበጥኩ።

2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር። ጳጉሜ ስድስት ቀን ሆነች፣ መስከረም 1 ቀን 2016ም ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ወሮቹ ሁሉ በአንድ ቀን ተገፉ፤ ተመልሰው የገጠሙት የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ሲጨመር ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሰንጠረዡን ስገለብጥ ግን ትዝ አላለኝም። የየወሩ 30ኛ ቀን ሽያጭ ወደሚቀጥለው ወር ዞረ።

መስከረም 30 አንድ ትምህርት ቤት የፎቶኮፒ ወረቀትና የፕሪንተር ቀለም በ184,000 ብር ገዝቶኝ ነበር። ቫቱ ብቻ 27,600 ብር ነው። ታኅሣሥ ላይ ፋይሌ ያለበት የግብር ቢሮ ጠራኝ። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ ስክሪኑን እያየ "እህቴ፣ ማሽኑ የላከው ሌላ፣ እርስዎ ያሳወቁት ሌላ" አለኝ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ላይ ያነበብኩት "ሌባ" የሚል ነበር።

ያን ሌሊት የመስከረምን ዜድ ሪፖርቶች፣ ማሽኑ ማታ ማታ የሚያወጣቸውን የዕለት ሽያጭ ማጠቃለያዎች፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘረጋኋቸው። ያ ወረቀት ቶሎ ይደበዝዛል፤ አንዳንዶቹን በስልክ መብራት ነው ያነበብኳቸው። በእርሳስ ምልክት እያደረግሁ ወረድኩ። ሁሉም ገጠመ፣ የመጨረሻዋ ብቻ ቀረች። ሶፍትዌሩ ላይ ደግሞ የጳጉሜ 6 ሽያጭ ያለቦታው መስከረም ውስጥ ገብቷል። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ። መስከረም 30፣ በትንሹ ደግሞ ከሥሩ የፈረንጆቹ 11፤ ሰንጠረዤ ላይ ያለው 10 አይደለም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ማስረጃዬን ይዤ ሄድኩ። ቫቱ አልቀረም፣ ከጥቅምቱ ጋር ከፍያለሁ፣ ይኸው አልኩ። ማመልከቻ ያምጡ። አመጣሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። የባንኩ ኮፒ ማኅተም የለውም። አራት ቀን ሱቄን ዘግቼ ተመላለስኩ። ገንዘቡ መንግሥት ካዝና እንደገባ ሁሉም ያያል፤ የሚፈርም ግን ጠፋ። በመጨረሻ መስከረምን አስተካክዬ፣ ለዘገየበት ቅጣትና ወለድ ከፈልኩ። ስሕተቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ያ ሠራተኛ ያየኝ አተያይ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የሂሳብ ባለሙያዎች ወር ሲያልቅ የማሽኑንና የሶፍትዌሩን ሂሳብ አስታርቁ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ማታ ሱቅ ስትዘጉ የዕለቱን ዜድ ከሶፍትዌሩ ጋር አስተያዩ፤ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዜዱን በዚያው ቀን ኮፒ አድርጉት። ሶፍትዌር ስትመርጡም ሪፖርቱን ከፈለጋችሁት ቀን እስከ ፈለጋችሁት ቀን ቆርጦ የማያወጣ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ ተዉት።

ጳጉሜ 2019 ስድስት ቀን ናት። መስከረም 1 ቀን 2020 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። እኔ ካሽ ሬጅስተሩ አጠገብ በቀይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ።