ካስተሩን ሳትለኩ አታስበይዱ

በፈረንጅ አቆጣጠር የ1991 ቶዮታ ፒክአፕ አለኝ፤ የምነዳው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ቶዮታ ለአሜሪካ ገበያ የሚያቀርባቸው ፎር ዊል ፒክአፖች እስከ 1985 ወጥ የፊት አክስል (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ድፍን አክስል) እና ባሌስትራ ነበራቸው። ከ1986 ጀምሮ ግን ሁለቱ የፊት ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት፣ በቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ስፕሪንግ በሚያገለግል ዘንግ) የሚሠራ እግር ተገጠመላቸው። ለአስፋልት ምቹ ነው። ድንጋይ ላይ ግን እንቅስቃሴው አጭር ስለሆነ ጎማው ቶሎ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ መኪናው ከፍ ሲደረግ ደግሞ የሰሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) መጋጠሚያዎች ከአቅማቸው በላይ ታጥፈው ይሰበራሉ። በላንድክሩዘር 70 የገጠር መንገድ የተጓዘ ኢትዮጵያዊ ወጥ አክስል ለምን እንደምፈልግ አይጠይቀኝም።

ይህን እግር በወጥ አክስል ለመተካት የ1985 አክስል ገዝቼ ኩሽኔታዎቹንና የዘይት ጎሚኒዎቹን ቀየርኩ። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሎቹ ሬሾ እኩል መሆኑን አረጋገጥኩ። የድሮውን እግር ማቀፊያዎች ከሻንሲው ላይ ቆርጬ አነሳሁ። የመሪ ሳጥኑ ብሎኖች በሚያልፉበት ቦታ ሻንሲው እንዳይጨፈለቅ የብረት ቱቦ አስገባሁ። ይህ ሁሉ ትዕግሥት እንጂ ብልሃት አይጠይቅም።

ጣጣው የመጣው ከባሌስትራ መቀመጫዎቹ ነው። መቀመጫው አክስሉ ላይ የሚበየድበት ማዕዘን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይወስናል፤ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ፕሮፔለር ሻፍቱ የሚገጠምበት ጫፍ) ወዴት እንደሚያይና ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚያጋድል። ይህ ማጋደል ካስተር ይባላል። ከመታጠፊያ በኋላ መሪውን ስትለቁት በራሱ ወደ ቀጥታ የሚመለሰው በእርሱ ነው። መኪናው ከፍ ሲል አፍንጫውን ወደ ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ወደሚያከፋፍለው ማርሽ ሳጥን) ቀና ካደረጋችሁት ካስተሩ በዚያው ልክ ይጠፋል። ከመለዋወጫው ጋር የመጣው መመሪያ ግን «አፍንጫውን ወደ ትራንስፈሩ አነጣጥረው በይድ» ይላል፤ ስለ ካስተር አንድ ቃል የለውም!

በያጁን በነጥብ ብቻ እንዲያያይዘው፣ መኪናው በክብደቱ ከቆመ በኋላ ለክተን እንድንጨርስ ለምኜው ነበር። እኔ በሌለሁበት «መመሪያው እንዲህ ይላል» ብሎ ሙሉ በሙሉ በየደው። ስለካው ካስተሩ ዜሮ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ስነዳ ትንሽ ጉድጓድ ከነካሁ የፊት ጎማዎቹ ግራ ቀኝ ይርገበገባሉ፤ መሪው ከእጄ ሊወጣ ይታገላል። ዊል አላይመንት ቤት ወሰድኩት። ኮምፒውተራቸው የሚያውቀው የፋብሪካውን እግር ቁጥር ብቻ ነው። ቶውን (የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበትን ልክ) አስተካክለው «ካስተሩ ማስተካከያ የለውም» አሉና ሙሉ ክፍያ ተቀበሉ። መለዋወጫውን የሸጠልኝ ሰው በበኩሉ የመሪ ዳምፐር (የመሪውን መርገብገብ የሚያበርድ ሾክ) እንድጨምር መከረኝ። ዳምፐር ትኩሳት እንደሚያበርድ ኪኒን ነው፤ በሽታው እዚያው ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ ዛሬም የሚያናድደኝ ግን የቨርጂኒያው ዓመታዊ ምርመራ ነው። መርማሪው የባምፐሩን ከፍታ በሜትር ለካ፣ መብራትና ፍሬን አየ፣ ስቲከሩን ለጠፈ። በዚያ መሪ አውራ ጎዳና ላይ እንድወጣ መንግሥት ፈቀደልኝ ማለት ነው። ስቲከሩን የደኅንነት ማረጋገጫ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሽብልቅ ብረት ማስገባት ካስተሩን ይመልሳል፤ አፍንጫውን ግን ወደ መሬት ይደፋዋል፣ ፕሮፔለር ሻፍቱም መንዘር ይጀምራል። እኔ ከፍ ባደረግሁት ልክ የቀረው መፍትሔ አንድ ነው፦ በአክስሉ ቱቦ ጫፎች ላይ ያሉትን ክብ የጎማ መያዣዎች ብየዳ ቆርጦ፣ አፍንጫው ባለበት ሆኖ መያዣዎቹን ብቻ ወደ ኋላ አዙሮ እንደገና መበየድ። ሁሉንም ዳግም ፈታሁት። ሥራውን ሌላ በያጅ ዐራት ዲግሪ ካስተር ሰጥቶ ጨረሰልኝ፤ የከፈልኩት አክስሉን ከገዛሁበት ዋጋ ይበልጣል። አሁን መሪው በራሱ ይመለሳል፤ በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ድንጋያማ መንገዶች ላይም በዚህ መኪና እኮራለሁ።

እናንተ ዲጂታል የማዕዘን መለኪያ ግዙ፣ ርካሽ ነው። ሞተሩ፣ ባምፐሩና ጎማው ተገጥመው መኪናው መሬት ላይ ሳይቆም ማንም ሙሉ ብየዳ እንዳይጀምር፤ ሲበየድም አጠገቡ ቁሙ። ከአራት ኢንች በላይ ከፍ ለማድረግ ካሰባችሁ መያዣዎቹን ማዞር ከመጀመሪያው በበጀታችሁ ውስጥ ይግባ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ደግሞ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዱ በኋላ ስለሚላሉ እንደገና አጥብቋቸው።